ሁለት ሳምንት የሚያበላ ስንቅ በአዳማ ሙቀት እንዴት ይቀመጣል

በ2017 ፈንታሌና አዋሽ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እኛ አዳማ ያለነውም ሌሊት እየተነሳን ግቢ ወጥተን ጋቢ ለብሰን የተቀመጥንበት ጊዜ የሚረሳ አይመስለኝም፣ በተለይ ታህሳስ መጨረሻ ላይ በሬክተር ስኬል ከ5 ያለፈው የመጣ ጊዜ። ያኔ ከጎረቤቶቼ ጋር ስናወራ መንገድ ቢዘጋ፣ ሱቅ ባይከፈት፣ መብራት ቢጠፋ ቤት ውስጥ ያለው ስንት ቀን ያበላናል የሚል ጥያቄ ተነሳና እያንዳንዳችን መቁጠር ጀመርን። የብዙዎቻችን ሶስት ቀን፣ ቢበዛ አራት ቀን ነበር። እንጀራው እስኪሻግት ማለት ነው።

ከዛ ጊዜ ጀምሮ ነገሩን በደንብ ሳጠና ሳነብ ስሞክርም ቆይቻለሁ፣ አበላሽቼም ተምሬያለሁ፣ አሁን ያወቅኩትን በቀላሉ ላስረዳችሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልበል። መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ሲባል በአንድ ቀን ፓስታና ዘይት ፍለጋ የተሯሯጥነውን አስታውሱ። እሱ ስንቅ መያዝ አይደለም፣ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ሲገዛ ዋጋ ይሰቀላል፣ በቀን ገቢ የሚኖረው ጎረቤታችሁ ባዶ እጁን ይቀራል። ስንቅ ደግ ቀን ላይ፣ ገበያው ሲረጋጋ፣ በትንሽ በትንሹ የሚያዝ ነገር ነው። እህል ከሆነ ደሞ ከጥር እስከ የካቲት፣ አዲሱ ምርት ገበያ ከገባና ደርቆ ካለቀ በኋላ ነው የሚሻለው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውድ ነው፣ እርጥበትም አለ።

ስንት ይበቃል የሚለውን ብዙ ሰው በግምት ነው የሚያስበው፣ ግን ቀላል ሂሳብ አለው። አገራችን ውስጥ በእርዳታ የሚሰጠው መደበኛ ራሽን ለአንድ ሰው ለአንድ ወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ፣ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ይሄ በቀን ወደ 2,100 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል፣ አንድ ሰው ጤናው ሳይጓደል እንዲውል የሚታሰበው መጠን ነው። ስለዚ አምስት ሆናችሁ ለሁለት ሳምንት ብትይዙ 35 ኪሎ እህል፣ 3.5 ኪሎ ምስር ወይም ክክ፣ አንድ ሊትር ዘይት። በቃ ይሄው ነው። አንድ ኩንታል እንኳን አይሞላም፣ አልጋ ስር ይገባል። ብዙ ሰው "እኛ ቦታም ብርም የለንም" የሚለው ነገሩን ትልቅ መጋዘን አድርጎ ስለሚያስበው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፣ ምግብ ለምን ይበላሻል? አራት ጠላት አለው፣ እርጥበት፣ አየር፣ ሙቀትና ነፍሳት (አይጥንም ጨምሩበት)። ሀዋሳ ያሉ ዘመዶቻችን ከእርጥበቱ ጋር ነው ትግላቸው፣ የኛ የአዳማዎች ዋናው ጠላት ግን ሙቀት ነው። ምግብ ውስጥ የሚካሄዱት የመበላሸት ሂደቶች ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነታቸው በግምት እጥፍ ይሆናል፣ ማለት በቆርቆሮ ጣሪያ ስር ቆጥ ላይ የተቀመጠ ዘይትና ዱቄት ወለል ላይ ጥላ ውስጥ ከተቀመጠው ቢያንስ በእጥፍ ፈጥኖ ያረጃል። ስለዚ ስንቅ ከላይ አይሰቀልም፣ ከታች ነው፣ ግን ሲሚንቶው ላይ በቀጥታ ሳይሆን ጣውላ ወይም ጡብ ላይ አድርጋችሁ፣ ምክንያቱም ሲሚንቶ እርጥበት ይስባል። ከሰዓት ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳም አርቁት።

ነፍሳቱ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔ መጀመሪያ የተሸነፍኩት በነቀዝ ነው። ንፁህ የመሰለኝን በቆሎ ገዝቼ በማዳበሪያ ከረጢት አስቀመጥኩ፣ ከሁለት ወር በኋላ ስከፍተው ከረጢቱ ይሞቃል፣ እጄን ስሰድ ዱቄት ነው። ያኔ ያልገባኝ ነገር ይሄ ነው፦ የበቆሎና የስንዴ ነቀዝ ሴቷ ፍሬውን ትበሳና እንቁላሏን ውስጥ አስቀምጣ ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች፣ ስለዚ ስትገዙት ምንም አይታይም። የሚፈለፈለው እጭ (ትሉ) ፍሬው ውስጥ ሆኖ እየበላ ያድጋል፣ በኛ ሙቀት አንድ ወር ገደማ ሲሆነው በስቶ ይወጣል፣ አንዷ ሴት በዕድሜዋ መቶዎች እንቁላል ትጥላለች። ሲበዙ ደሞ ትንፋሻቸው ራሱ እህሉን ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋል፣ ከዛ ሻጋታ ይከተላል። የሽምብራና የአተሩ ነቀዝ ሌላ ነው፣ እሱ እንቁላሉን ከላይ ነው የሚለጥፈው፣ ሽምብራ ስትገዙ ፍሬው ላይ የተለጠፉ ጥቃቅን ነጭ ነጥቦች ካያችሁ አትግዙ። ክክ የሆነውን ግን ይሄኛው ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፣ ለማደግ ሙሉ ፍሬ ይፈልጋል። ክክ ቶሎ ይበስላል፣ ከሰልም ይቆጥባል፣ ስለዚ ለስንቅ ከድፍኑ ይልቅ ክክ ነው የምመርጠው።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድነው? አየር መንሳት። ነቀዝ እንደኛው ይተነፍሳል፣ አየር የማያስገባ ዕቃ ውስጥ ሞልታችሁ ካሸጋችሁት ውስጥ የቀረችውን ኦክስጅን ራሱ ይጨርሳታል፣ ከዛ መብላት ያቆማል። የሚገርመው የሚሞተው በመታፈን ብቻ አይደለም፣ ውሃ የሚያገኘው ምግቡን በኦክስጅን አቃጥሎ ነውና ኦክስጅን ሲያልቅ ውሃም ይጠማዋል፣ ደርቆ ይሞታል። ለዚህ ገበሬው ጋር ፒክስ የሚባለው ሶስት ድርብ ከረጢት አለ፣ ሁለት ወፍራም ላስቲክ ውስጥ፣ አንድ ማዳበሪያ ውጭ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ለኛ ለከተማዎቹ ግን ከሱም የቀለለ አለ፣ የምግብ ዘይት የነበረበት ጄሪካን በሳሙናና በሙቅ ውሃ በደንብ ታጥቦ፣ ሁለት ሶስት ቀን ተደፍቶ ጥርት ብሎ ከደረቀ በኋላ እህሉ እስከ አንገቱ ይሞላበትና ክዳኑ ጥርቅም ይደረጋል። ባለ 20 ሊትሩ ወደ 15 ኪሎ ይይዛል። ምስርና ክክ ደሞ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውስጥ፣ አንዱ ኪሎ ተኩል ገደማ ይገባዋል። ዋናው ነገር እስከ አፉ መሙላት ነው፣ ግማሽ ባዶ ከሆነ የቀረው አየር ለነቀዙ ብዙ ቀን ይበቃዋል፣ ቶሎ ቶሎ መክፈትም ያው ነው፣ አዲስ አየር ማስገባት ነው። ለዛ ነው አንድ ትልቅ በርሜል ከምትገዙ ብዙ ትንንሽ ዕቃ ይሻላል የምለው፣ አንዱን ስትከፍቱ ሌላው እንደታሸገ ይቆያል። የቀለም፣ የኬሚካል፣ የመኪና ዘይት የነበረበትን ዕቃ ግን ምንም ቢታጠብ ለምግብ አትንኩት።

ከማሸጋችሁ በፊት ግን እህሉ ደረቅ መሆን አለበት፣ እርጥብ እህል ታሽጎ ከተቀመጠ ነቀዝ ባይበላውም ይሻግታል። ገበሬው በጥርሱ ነክሶ ያውቃል፣ ቀጭ ካለ ደርቋል። እኛ ግን በጨው መለካት እንችላለን። ደረቅ የጠርሙስ ዕቃ ውሰዱ፣ ሲሶውን እህል ሙሉበት፣ ሁለት ሶስት ማንኪያ የደረቀ ጨው ጨምሩ፣ ከድናችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ናጡት፣ ከዛ 15 ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 ፐርሰንት በላይ ነው፣ ገና ነው ማለት ነው። ካልተጣበቀ ከ15 በታች ወርዷል፣ ግን ለመታሸግ ወደ 12 እና 13 ቢወርድ ስለሚሻል እኔ ፈተናውን ካለፈ በኋላም አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ አስመታዋለሁ። የአዳማ ፀሐይና ንፋስ ለዚህ ነው የተፈጠረው። ጥቁር ላስቲክ ላይ ሁለት ጣት በማይሞላ ውፍረት አስጥታችሁ ላዩን ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ብትሸፍኑትና ጠርዙን በድንጋይ ብትይዙት እኩለ ቀን ላይ ውስጡ እስከ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ አንድ ሁለት ሰዓት እንደዛ ከቆየ ውስጡ ያለው እንቁላልም እጭም ይሞታል። ከዛ የግድ ይቀዝቅዝ! ትኩሱን ካሸጋችሁት ማታ ሲበርድ ውስጡ ያልበዋል።

ደጃችን ያሉ እማማ ይሄን ሁሉ ሳወራላቸው "ልጄ፣ እኛ ድሮ ማሽላውን ከጤፍ ጋር ደባልቀን ነበር ጎታ የምንከተው፣ ሲፈለግ በወንፊት ይለያል" አሉኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው፣ "ነቀዙ መሄጃ ያጣላ" አሉ። ልክ ናቸው፣ ጤፏ በፍሬዎቹ መሃል ያለውን ክፍተት ትሞላዋለች፣ ነቀዙ መንቀሳቀስም መራባትም ያቅተዋል። ጤፍ ራሷ ደሞ ፍሬዋ ከማነሷ የተነሳ ነቀዝ ውስጧ ሊያድግ አይችልም፣ ሳትፈጭ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠች ዓመታት ትቆያለች። የተፈጨው ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ አንዴ ከተፈጨ ውስጡ ያለው ቅባት ለአየር ተጋለጠ ማለት ነው፣ በኛ ሙቀት በወራት ውስጥ መምረር ይጀምራል። ስለዚ የሁለት ሳምንቷን ብቻ አስፈጭታችሁ ያዙ፣ የቀረው በፍሬው ይቀመጥ።

አሁን የምለውን እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። የነቀዝ ክኒን፣ ፎስቶክሲን ምናምን እየተባለ በየሱቁ የሚሸጠው፣ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ በፍፁም አይገባም። ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፣ የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፣ ነቀዙን የሚገድለው ያ ጋዝ ነው፣ ሰውንም እንደዛው። ማርከሻ የለውም። በግድግዳ ስንጥቅ፣ በኮርኒስ፣ በበር ስር ያልፋል፣ እኛ ደሞ ሰርቪስ ቤት ተደርድረን ግድግዳ ተጋርተን የምንኖር ሰዎች ነን፣ አንዱ ክፍል ከረጢት ውስጥ ያደረገው ክኒን ቀጥሎ ያለው ክፍል የተኙትን ልጆች ሊገድል ይችላል። ሽታው እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ ተበላሸ ዓሣ ነው፣ ግን ሳይሸትም ሊጎዳ ይችላል። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ደረት መጨምደድ ሲመጣ ሰው የምግብ መመረዝ መስሎት ተመልሶ እዛው ክፍል ይተኛል፣ የሚያልቀውም እንደዛ ነው። ከጠረጠራችሁ ሁሉንም ሰው ይዛችሁ ውጡ፣ ክኒኑ ላይ ውሃ አታፍሱበት፣ ቀጥታ ሆስፒታል ሄዳችሁ "የነቀዝ ክኒን ነው" ብላችሁ በግልፅ ተናገሩ። ከገበያ የገዛችሁት እህል ውስጥ ግራጫ ዱቄት ወይም የክኒን ስባሪ ካያችሁም ቤት አታስገቡት፣ በእጃችሁም አትዛቁት። ማላታይንም ሆነ ሌላ የእርሻ መድኃኒት ያው ነው። 35 ኪሎ እህል ለመጠበቅ ጄሪካን ይበቃል፣ መርዝ አያስፈልገውም።

ሻጋታም ላይ ዝም አልልም። የሻገተ በቆሎ፣ ለውዝ፣ በርበሬ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይፈጠራል፣ ጉበት ነው የሚጎዳው፣ በመቀቀልም በመቁላትም አይጠፋም። "ለላሟ ይሰጥ" ማለትም አይሰራም፣ በወተቷ ተመልሶ ይመጣል። ይጣል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር፣ መብራት ከጠፋ ወፍጮ ቤቱም ምጣዱም ይቆማል። ጤፍ ሞልታችሁ ልትራቡ ትችላላችሁ ማለት ነው። ስለዚ ከ35 ኪሎው ግማሽ ያህሉ ያለ እሳት ወይም በትንሽ እሳት የሚበላ ይሁን። እዚህ ላይ ቱናና ፓስታ ፍለጋ ከመሄዳችን በፊት የራሳችንን እንይ፣ ዘማችና ነጋዴ በእግሩ ወር ሙሉ የሚጓዝበት አገር ልጆች ነን እኮ። በሶ ገብሱ አስቀድሞ የተቆላ ስለሆነ በስሏል፣ በውሃ በጥብጦ ወይም ጨብጦ መብላት ነው፣ ፆምም አይገድፍም። ጭኮ በሶው ላይ ንጥር ቅቤ ሲገባበት ነው፣ ትንሿ ብዙ ጉልበት ትሰጣለች። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ድርቆሽ ስታደርጉ እንጀራው ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ይድረቅ፣ የሚተጣጠፍ ከሆነ ውስጡ ገና ውሃ አለ፣ ይሻግታል። ቋንጣም ያው፣ ስስ ተደርጎ ይዘልዘል፣ ወፍራም ከሆነ ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ጨውና በርበሬውን አትሰስቱ፣ በክረምት ባትሞክሩት ይሻላል። እኔ 35 ኪሎዬን የከፈልኩት 15 ጤፍ፣ 5 በሶ፣ 5 ቆሎ፣ 5 ድርቆሽ፣ 5 ፓስታና ሩዝ አድርጌ ነው። ሽሮና በርበሬ፣ ጨው፣ ስኳር ከዛ ውጭ ነው። ጨውና ስኳር ደረቅ ከሆኑ አይበላሹም፣ አዮዲን ያለው ጨው ግን አዮዲኑ በእርጥበትና በሙቀት ስለሚቀንስ ከድናችሁ አስቀምጡት። ማርም አይበላሽም፣ ዓመት ላልሞላው ህፃን ግን አይሰጥም።

ቅባት ላይ፣ ጥሬ ቅቤ ውስጥ ውሃ አለ፣ ሲነጠር ውሃውና አሬራው ይወጣል፣ ለዛ ነው ንጥር ቅቤ የሚቆየው፣ እርጥብ ማንኪያ ሲገባበት ደሞ የሚበላሸው። ዘይት ጠላቱ ብርሃን፣ አየርና ሙቀት ነው፣ የኑግ ዘይት ከፓልም ዘይት ፈጥኖ ይሻክታል፣ ስለዚ ለስንቅ ያልተከፈተ ትንሽ ጀሪካን ጨለማ ቦታ።

ቆርቆሮ ምግብ ያበጠ፣ የሚያፈስ፣ ስፌቱ ላይ የተጨረመተ ከሆነ ቀምሳችሁ እንኳን አትሞክሩት። አሁን አሁን ስጋና ባቄላ ቤት ውስጥ አብስሎ በጠርሙስ ማሸግ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አሉ፣ አትከተሏቸው። አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ የሚያድግ፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያመርት ጀርም አለ፣ ዘሩን ለመግደል 121 ዲግሪ ያስፈልጋል፣ አዳማ ደሞ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢፈላ 121 አይደርስም። እኛ ጋር የሚያዋጣው ማድረቅ ነው።

ውሃ ሳልረሳ፣ ለመጠጥና ለማብሰል ለአንድ ሰው በቀን ወደ 4 ሊትር አስቡ። ለአምስት ሰው የሶስት ቀን 60 ሊትር ነው፣ ሶስት ጄሪካን። የደረቀ ምግብ ይዞ ውሃ አለመያዝ አይሆንም፣ በሶም ድርቆሽም ውሃ ነው የሚፈልጉት። ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ አንድ ጠርሙስ ቤት ይኑር፣ አጠቃቀሙ ጀርባው ላይ አለ። ጄሪካኖቹን በየወሩ ለልብስ አጥባችሁባቸው አዲስ ቅዱ። ከሰል ስትይዙ ደሞ ሲቀጣጠል ብቻ ሳይሆን ፍም ከሆነም በኋላ በተዘጋ ቤት ውስጥ እንደማይነድ ልጆቹም ይወቁ፣ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል።

ቀን አፃፃፍ ላይ አንድ ችግር አለ። የታሸገ ዕቃ ላይ የሚታተመው የመጠቀሚያ ቀን አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጅ ነው፣ እናቶቻችን በኛ ያነቡትና ገና ሰባት ስምንት ዓመት ያለው ይመስላቸዋል። እኔ ስገዛ ወዲያው ወደኛ ቀን ቀይሬ በማርከር ትልቅ አድርጌ ዕቃው ላይ እፅፋለሁ፣ ጄሪካኑም ላይ የሞላሁበትን ወር። አዲሱ ከኋላ ይገባል፣ የቆየው ከፊት ይወጣል፣ ይበላል። ስንቁ የማትበሉት ነገር ከሆነ አይሽከረከርም፣ ስለዚ ልጆቻችሁ በሶ የማይወዱ ከሆነ አሁኑኑ አርብና ረቡዕ ቁርስ ላይ አስለምዷቸው፣ ችግር ሲመጣ አዲስ ምግብ ማስለመድ ከባድ ነው።

ለመጀመር ብር ማጠራቀም አያስፈልግም። ደሞዝ ስትቀበሉ ከወትሮው አስቤዛ ላይ አንድ ሃይላንድ ምስር፣ በሚቀጥለው ወር አምስት ኪሎ ገብስ ለበሶ፣ ከዛ ቀጥሎ ቆሎው። እኛ ግቢ አራት ቤት ነን፣ ጤፉን አብረን በኩንታል ገዝተን ተካፈልን፣ ጄሪካኑን ያገኘነው ምግብ በዘይት ጠብሳ የምትሸጠው ሴትዮ ጋር ነው፣ ማስጫ ላስቲኩም የጋራ ነው፣ የእማማ ወንፊት ደሞ ተራ ይዞ ይዞራል።